ፕላኑ ላይ የሌለ ጉድጓድ

«የአባቴን ቤት ያፈረስሽ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ነው፤ ጎንደር፣ ሸማ ተራ። ጋቢ እያገላበጥሁ ዋጋ ስከራከር ቆይቼ ቀና ብል ሻጯ ዓይኗን ተክላብኛለች። ፊቷ ከስቷል፣ ከፊት ጥርሶቿ አንዱ የለም፤ ድምፅዋ ግን ያው ነው። ዘምዘም! ካየኋት አርባ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ያለችው እውነት ስለሆነ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኋት። በርጩማ ሳበችልኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አጣሁና ጎንደር ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በፕላን ነዳፊነት ተቀጠርሁ። ሥራዬ ሌላ ሰው ያሰበውን መስመር በቀለም መድገም ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል፣ አፌ የማያርፍ ልጅ ነበርሁ። እናቴ «አንቺን የሚያገባ ሰው ጆሮውን በጥጥ ይድፈን» ትል ነበር።

ገበሬውን ከየጎጡ አንስቶ በአንድ መንደር ማስፈር የተጀመረበት ጊዜ ነው። ትክል ድንጋይ ከተማ አጠገብ ላሉ አሥራ ሁለት የሸማኔ ቤተሰቦችም አብረው የሚኖሩበትና የሚሠሩበት አንድ ቤት እንዲነደፍ ትእዛዝ መጣ። ኃላፊያችን ጓድ ፈለቀ በገመድ የተለካ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ረጅም ቤት አሰበ። እኔ «ሰው እህል አይደለም፤ ምነው መጋዘን ውስጥ ይከተታል?» አልሁ። እሱ ሳቀና «እንግዲያው አንቺ ንደፊው» አለኝ።

ነደፍሁት። ቤቱ ተራራውን ተደግፎ ይቆማል። ላይኛው እርከን መኝታ፣ ታችኛው የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት የሽመና አዳራሽ። ድንጋዩ ከዚያው ከዳገቱ ይፈለጣል፤ ክዳኑ ሣር ነው። ግቢው ውስጥ ያሉት ሦስት ወይራዎች አይቆረጡም። ከተራራው የሚወርደውን ውሃ በቦይ መርቼ ከቤቱ በላይ በማስቆፍረው ኩሬ አጠራቅማለሁ፤ ሴቶቹ በበጋ ወንዝ መውረዳቸው ይቀራል። ጓድ ፈለቀ ሣሩን ጠልቶት ነበር። ቆርቆሮ ከየትም ሲጠፋ ግን ማኅተሙን መታልኝ። ያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም።

ጥር ላይ በጭነት ማኪና አቧራ እየቃምሁ ሄድሁ። ያረፍሁት የሸማኔዎቹ ኅብረት ሊቀ መንበር ከነበሩት ከአያ ሰይድ ቤት ነው፤ የዘምዘም አባት ናቸው። ዘምዘም እኩያዬ ነበረች። የሽምብራ እሸት ከነግንዱ ነቅላ ታመጣና ደጃፍ ላይ ተቀምጠን እንፈለፍላለን። ልጣጩ ጨው ጨው ይላል፤ ከንፈር ያቃጥላል። እሷ እንዝርቷን ታሾራለች፣ እኔ ወሬዬን።

አያ ሰይድ ቦታውን በዱላቸው እየወጉ ዞሩትና ወደኔ መጡ።

«ልጄ፣ ቤቱ ሸጋ ነው። ብቻ መኝታውን ታች፣ መሥሪያውን ላይ አድርጊልን።»

«ምነው አያ ሰይድ?»

«ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሠራ። ይች የታችኛዋ መሬት ደግሞ ክረምት ውሃ ታበቅላለች። ባይሆን ሐምሌን እይልን።»

ፕላኔን አየሁት። አሥራ ሁለት የሸማኔ ቦታ፣ አሥራ ሁለት አራት ማዕዘን። ሸማኔ ከላይ ሲያዩት እንደማንም የተቀመጠ ሰው ነው፤ የእግሩን ጉድጓድ አልሣልሁትም። ግን ማኅተም ተመትቶበታል። ተመልሼ ጓድ ፈለቀ ፊት ተሳስቻለሁ ከምል ብሞት ይሻለኝ ነበር።

«አያ ሰይድ፣ እርስዎ ሸማዎን ይሥሩ፤ ቤቱን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኋቸው።

«እንግዲህ መሐንዲሷ ካለች!» አሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ተስማሙ ብዬ ሳቅሁ።

እንጨት ከሌላ ቦታ አይመጣም ነበር። እያንዳንዱ ቤቱን አፍርሶ ምሰሶውንና ማገሩን ተሸክሞ መጣ። መጀመሪያ ያፈረሱት አያ ሰይድ ናቸው፤ አያታቸው የቆረጡትን የጽድ ምሰሶ በትከሻቸው ሲያመጡ አይቻለሁ። ግንቦት ላይ ቤቱ አለቀ። ጭቃና ጭድ፣ ጭቃና ጭድ ይሸታል። ባለሥልጣናት መጥተው አጨበጨቡ።

በሐምሌ ውሃው ገባ። ከላይ ቢሆን ክዳን ነው፣ ይጠገናል። የመጣው ከታች ነው፤ ያ የኔ ኩሬ ተራራውን ሙሉ አጠጥቶት ነበር። ስደርስ ጉድጓዶቹ እስከ አፋቸው ሞልተዋል፤ በአንዱ እንቁራሪት ትዋኛለች። ድሩ ረግቦ ጫፉ ጭቃ ነክሷል። ኅብረቱ ለመንግሥት የሚያስረክበው ሸማ ቀን ስለተቆረጠለት አያ ሰይድ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ሆነው መወርወሪያቸውን ይወረውራሉ።

«ይውጡ እንጂ!» ብዬ ጮኽሁ።

«እግሬ ነው እንጂ እጄ አልረጠበም» አሉኝ።

ጎንደር ተመልሼ ሁሉንም ለጓድ ፈለቀ ነገርሁት። በሩን ዘጋው።

«ፕላኑን አምጪ። ጉድጓድ አለው?»

«የለውም።»

«ማን ቆፈረው?»

«እነሱ። ግን ሸማኔ ያለ ጉድጓድ...»

«ፕላኑ ላይ የለም ብለሽ ጻፊ። ጥፋቱ ወይ የፕላኑ ነው፣ ወይ የእነሱ። የፕላኑ ነው ካልሽ ደግሞ ስምሽ ከሥሩ አለ።»

በዚያ ዘመን «አሻጥር» የምትል ቃል ሰው ላይ ከወረደች ምን እንደምታደርግ ሕፃንም ያውቃል። «ጉድጓዶቹ በፕላኑ ላይ የሉም» ብዬ ጻፍሁ። አንዲት መስመር ናት፤ ውሸት የላትም። ፈረምሁ። በሳምንቱ አያ ሰይድ የኅብረቱን ንብረት በአሻጥር አበላሽተዋል ተብለው ተወሰዱ። ስድስት ወር ታሰሩ። እኔ አልሄድሁም፤ አልጠየቅሁም። ሲፈቱም የሰማሁት በሰው ነው።

ልጅ ነበርሁ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ አውቃለሁ። አይሠራም። ሰው ፊት ለፊት ለመናገር ያልፈራ አፍ፣ ወረቀት ላይ ሲሆን ፈራ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ያንን ቤት ሳስበው እስከ ዛሬ ድረስ የሚያምረኝ መሆኑ ነው።

ዘምዘም ጋቢውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጫፉን በጣቶቿ ታፍተለትል ጀመር።

«ቤቱን እንኳ አባቴ ይቅር ብሎሻል» አለችኝ በመጨረሻ። «እስኪሞት አንድ ነገር ነበር የሚል። ‹ያች ልጅ አልሰማችም እንጂ፣ መታሰሬን ብትሰማ በዚያ አፏ ታስፈታኝ ነበር› ይላል።»

«ሰምቻለሁ» አልኋት። «ያሳሰራቸው ወረቀት የኔ ነው፣ ዘምዘም። የፈረምሁት እኔ ነኝ።»

አየችኝ። ጋቢውን አራት አጥፋ ከሌሎቹ ሥር ከተተችው።

«ተነሽ» አለችኝ። «ገበያዬን አትዝጊብኝ።»

ተነሥቼ በበርበሬ ተራ በኩል ሄድሁ።