ዋልካ ላይ የተጎተተ አውራ ጣት

ሔለን ወረታ በገባች በሁለተኛው ወር ከተማው ስም አወጣላት፤ "ዟሪዋ መምህር"።

ክፉ ስም አልነበረም፤ ደግ ነው ለማለትም አያስደፍርም። ያላገባች የአዲስ አበባ ልጅ ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጥታ ወደ ፎገራ ሜዳ የምትነጉድበት ምክንያት ለማንም አልታይ አለ። ገበያ ነው እንዳይባል ዘንቢል አልያዘችም፤ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዳይባል ነጠላ አላጣፋችም። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ "ወዴት ነው?" ይላታል።

"ዝም ብዬ ነው።"

"ዝም ብሎ መሄድ አለ እንዴ?" ይልና ያልፋል። ትንሽ ራቅ ሲል ደግሞ ዞር ብሎ ያያታል።

ቤት ያከራዩዋት እማማ ደብረወርቅም "ኧረ ልጄ ቁጭ በይ፤ ምን አሳደደሽ?" ማለት አይታክታቸውም ነበር። ሔለን ምሳዋን እንኳ ቆማ ነው የምትበላው። ባዮሎጂ ስታስተምር ከሰሌዳው እስከ ኋለኛው ግድግዳ ስትመላለስ ተማሪዎቿ አንገታቸው ይደክማል። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም። አባቷ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሷ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ደም ግፊት ግማሽ አካላቸውን ጣለው፤ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ከአልጋ አልወረዱም። ከእናቷ ጋር እየተጋገዘች የምታገላብጣቸው እሷ ነበረች። የሰው እግር ሥራ ሲፈታ ባቱ እንዴት እንደሚሟሽሽ፣ የተረከዝ ጅማቱ እንዴት እየተኮማተረ እንደሚሄድ በዐይኗ አየች። አባቷን ከቀበረች ወዲህ ወንበር ላይ ትንሽ ከቆየች እግሯ ውስጥ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላታል፤ ትነሣለች።

በ1994 መስከረም፣ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ገና ሳይደርቅ፣ አሥረኛ ክፍሎችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ወደሚገኘው እርጥብ መሬት አወጣቻቸው። ጫማ አስወልቃ አንድ በአንድ አስኬደቻቸው።

"ዱካችሁን እዩት። ቀድሞ የገባው የቱ ነው?"

"ተረከዝ!"

"መጨረሻ ላይ መሬቱን የገፋውስ?"

"አውራ ጣት!"

የዝንጀሮ አውራ ጣት ቅርንጫፍ እንዲጨብጥ ወደ ጎን የወጣ መሆኑን፣ የሰው ግን ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ መግፊያ እንደ ሆነ ነገረቻቸው። የውስጥ እግራችን ጎበጥ ያለው ስንረግጥ ተለጥጦ ስናነሣ የሚመለስ ስለሆነ ነው አለች። ጭናችን ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ሰብሰብ ባይል ኖሮ አንድ እግር ባነሣን ቁጥር እንደ ሰካራም እንወላገድ ነበር ብላ ወልገድገድ እያለች አሳየቻቸው። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። "ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አልመጣም" አለች በመጨረሻ፤ "ቅድመ አያቶቻችን ቀጥ ብለው መሄድ ከጀመሩ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። አጥንታቸው እዚሁ አገራችን፣ አፋር ውስጥ ተገኝቷል።"

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ከተማ ገባ። በሦስተኛው ቀን ቄስ ተክለ ሃይማኖት መቋሚያቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ሔለን መስቀላቸውን ተሳለመች።

"ልጄ፣ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ብላ አስተማረች አሉኝ።"

"እንደዚያ አላልኩም አባ። ከዝንጀሮ በምን እንደምንለይ ነው ያስተማርኩት። የሚሊዮኑን ዓመት ግን ብያለሁ፤ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍም የሚለው እንደዚያው ነው።"

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደገፉ። ከዚያ ያላሰበችውን ጠየቋት። "እግርና ወገብ ካወቅሽ ይኸን ንገሪኝ። ቅዳሴ ስቆም ወገቤ ይቆረጣል። ጣራ ገዳም ድረስ በእግሬ ስሄድ ግን ምንም አይለኝ። ይኸ ከምንድን ነው?"

"ሲሄዱ እግርዎ ይፈራረቃል አባ፤ አንዱ ሲሸከም ሌላው ያርፋል። ሲቆሙ ግን ያው ጡንቻ ሳይላላ እንደተወጠረ ይውላል። አካላችን ለመሄድ እንጂ ተገትሮ ለመዋል አልተበጀም። መቋሚያው ባይኖር ከዚህም ይብስብዎ ነበር፤ ሦስተኛ እግር ሆኖልዎታል።"

ሽማግሌው መቋሚያቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት። "የዓመቱን ነገር አንስማማም" አሉ። "የወገቡን ግን ተቀብያለሁ።" ባርከዋት ሄዱ።

በዚያው ሰሞን ነው ሔለን በሩዝ ማሳዎቹ መካከል ባለችው የእግር መንገድ ላይ አንድ ዱካ ያየችው። የላስቲክ ጫማ ዱካ ነው። ግራው ጥርት ያለ ነው። ከቀኙ ፊት ግን ጣት የጫረው የመሰለ ቀጭን መስመር አለ። በማግስቱም አለ። በሳምንቱ መስመሩ ረዝሞ ጠበቃት። የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከመችም፤ በዚያች መንገድ ጠዋት ጠዋት በሬዎቹን የሚነዳው ንብረት የሚባል የአርባ ዓመት ገበሬ ነው። አምና አካሄዱን አይታ ደስ ይላት ነበር። ከወገቡ ላላ ብሎ፣ ጭቃ ውስጥ እንኳ እግሩን ሳይጎትት የሚያነሣ ሰው ነበር። አሁን ጀርባው እንጨት ሆኗል። አንድ ቀን በትሩ ወደቀበት፤ ጎንበስ ብሎ አላነሣውም። ወገቡን ቀጥ እንዳደረገ በጉልበቱ ቁጢጥ አለና አንድ እጁን ጭኑ ላይ ተደግፎ ተነሣ።

 ሔለን ሮጣ ደረሰችበት።

"ጋሼ ንብረት፣ ቀኝ እግርዎ ይጎተታል። ወገብዎን ያምዎታል?"

ንብረት ከእግሩ እስከ እሷ ፊት አየና ሳቀ። "ጭቃው ነው መምህር። የፎገራን ጭቃ አታውቂውም።"

"ግራው ለምን አይጎተትም ታዲያ? እሱስ ጭቃ አልረገጠም?"

"አይ እንጃ!" አለና በሬዎቹን "ሂድ!" ብሎ ነዳቸው።

ሔለን ግን መተው አልሆነላትም። ሦስት ቀን ተከትላ ሦስት ቀን ጠየቀችው። በአራተኛው ቀን የንብረት ሚስት ማናዬ እማማ ደብረወርቅ ግቢ ገብታ ቆመች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች።

"አንቺ መምህር፣ የሰው ባል እግር የምታዪ ምን ሆነሽ ነው? አገሩ ሁሉ ሳቀብኝ እኮ!"

ሔለን ፊቷ ቀላ። "የቀኙን ጫማ አምጪልኝ" አለች። "ግራውንም ጨምረሽ። ካየሽው በኋላ ልትሰድቢኝ ትችያለሽ።"

ማናዬ ማታ አመጣለሁ ብላ ሄዳ በግማሽ ሰዓት ተመለሰች። ሁለቱን ጫማ ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ግራው ተረከዙ ብቻ ሳሳ ብሏል። የቀኙ ጫፍ ግን አውራ ጣቱ ጋ ተበልቶ ቀዳዳ አውጥቷል። ማናዬ ጣቷን በቀዳዳው አሾለከች። ስትናገር ድምፅዋ ሌላ ነበር።

"ሌሊት ሌሊት ልብሱን በላብ ያርሰዋል። እኔ ወባ ነው ብዬ... ስለከሳ ቀበቶውም ሁለት ጊዜ ተበስቷል። ወጌሻ አሽቶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንዲያውም ባሰው።"

"ሐኪም ቤት ውሰጂው። ነገ!"

"ሩዙ ደርሶ? አጨዳውን ጥሎ ንቅንቅ አይልም።"

እውነትም ንብረት እምቢ አለ። ከአጨዳው በኋላ ይደርሳል አለ፤ ጸበል እጠመቃለሁ አለ። ሔለን ትምህርት ቤትና ማሳ መካከል ስትመላለስ ጥቅምት አለቀ። መጨረሻ ላይ ወደ ቄስ ተክለ ሃይማኖት ሄደች፤ የንብረት የነፍስ አባት ናቸው። ቄሱ ማሳው ድረስ ወርደው "ጸበሉንም ተጠመቅ፣ ሐኪሙንም ታይ። ሁለቱን ያጣላብህ ማነው?" አሉት። ንብረት መልስ ሊሰጥ ቀና ሲል ሁለቱም ጉልበቶቹ ከዱት። አጭዶ ከከመረው ሩዝ ላይ ተቀመጠ፤ በራሱ መነሣት አልቻለም።

የማናዬ ወንድም ማረውና አንድ ጎረቤት ደግፈው ወደ አስፋልቱ አወጡት። ሔለንና ማናዬም አብረውት አውቶቡስ ተሳፈሩ። ባሕር ዳር ሐኪሙ የራጅ ፎቶግራፉን ወደ መብራቱ አነሣና ለሔለን አሳያት። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች እንደተነቀዘ እንጨት ተቦርቡረዋል። ቲቢ ነው፤ ሳንባ ትቶ አጥንት የያዘ። ያመጣው እብጠትም ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል።

"ትንሽ ብትቆዩ እግሮቹን ረስቷቸው ነበር" አለ ሐኪሙ። "መድኃኒቱን አንድ ቀን እንዳያቋርጥ። ጀርባው እስኪጠና ከአልጋ አይነሣም።"

ከአልጋ አይነሣም የሚለውን ስትሰማ ሔለን የምርመራ ክፍሉን ጥላ ወጣች። ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረች። ማናዬ መጥታ እጇን ያዘቻት።

ከኅዳር እስከ መጋቢት ንብረት እቤቱ ተኛ። ሔለን ከትምህርት ቤት ስትወጣ በየቀኑ ትሄዳለች፤ ግን እዚያች ቤት ውስጥ ከአልጋው እስከ በሩ ስትመላለስ ንብረት "ኧረ በማርያም! እኔ ተኝቼ አንቺ ደከምሽልኝ" ይላታል። ትስቃለች፣ ግን አትቀመጥም። ሐኪሙ እንዳሳያት ቁርጭምጭሚቱን ይዛ ወደ ላይ ትገፋለች፤ ተረከዙን በመዳፏ ታቅፋ ጅማቱን ትስባለች። ለማናዬም አስተማረቻት። በአባቷ ጊዜ ይህን የነገራት ሰው አልነበረም፤ እሷም ያኔ ልጅ ነበረች። አንዳንድ ቀን የንብረትን እግር እንደያዘች እንባዋ ይመጣና ውሃ ልትቀዳ መስላ ትወጣለች።

ጥር መጨረሻ ላይ ማናዬ ከቤት ውስጥ ጮኸች። ሔለን እየሮጠች ገባች። የንብረት ቀኝ አውራ ጣት እንደ ሕፃን ጣት ወደ ላይ ብድግ፣ ወደ ታች ዝቅ ይላል። ንብረት የራሱን ጣት እንደ ሌላ ሰው ጣት አፍጥጦ ያየዋል።

መጋቢት ላይ ሐኪሙ ፈቀደና ንብረት በሁለት በትር ቆመ። አንድ እርምጃ ለመሄድ ሲል ግን ደርቆ ቀረ።

"እወድቃለሁ።"

"ይውደቁ" አለችው ሔለን። "መሄድ ማለት እኮ ወደ ፊት መውደቅ ነው ጋሼ ንብረት። ሰውነት ወደ ፊት ሲያዘነብል ሌላው እግር ቀድሞ ይደርስለታል። እርስዎ ዘንበል ይበሉ፤ ማረው ከኋላ አለ።"

"እንግዲያ አርባ ዓመት ሙሉ ስወድቅ ነው የኖርኩ!" አለና ዘንበል አለ። ቀኙ ዘግይቶ ደረሰ፤ ግን ደረሰ።

በሰኔ ማንንም ሳይሰማ ዕርፍ ጨበጠ። አንድ ትልም ሄደ። በሁለተኛው ወደቀ፤ ተነሣ። በሦስተኛው በሬዎቹ ጥለውት ሄዱ። ማረው ሮጦ ዕርፉን ሲይዝ ንብረት ማሳው ዳር ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሔለን አጠገቡ ቆመች። "አራሽ አልሆንም" አለ በመጨረሻ። "አረም ግን እነቅላለሁ። አረም የሚነቀል በቁጢጥ ነው።" እንዳለውም ሆነ። ክረምቱን ሙሉ ወገቡን ቀጥ አድርጎ በቁጢጥ ሲያርም ከረመ፤ የሚያርሰው ማረው ሆነ፤ ከምርቱም ተካፈሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ሔለን ጎንደር ፊዚዮቴራፒ የሚባል ትምህርት መኖሩን ሰማችና ተመዘገበች። እንደገና አንደኛ ዓመት፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጋር ነው። እማማ ደብረወርቅ "ደግሞ ተነሣሽ?" አሏት፤ ሻንጣዋን ሲያስሩላት ግን ዐይናቸው ቀልቶ ነበር።

በሄደችበት ቀን ንብረትና ማናዬ አስፋልቱ ድረስ መጡ። ንብረት በአንድ በትር ነበር።

"ይከብዳል?" አለችው።

"ይከብዳል። በፊት በሬውን፣ ሰማዩን፣ ማሳውን እያየሁ ነበር የምሄድ። አሁን እያንዳንዱን እርምጃ አስባለሁ። እስከዚህ ድረስ ስመጣ ሌላ ምንም አላሰብሁም።"

ከባሕር ዳር የመጣው አውቶቡስ ሞልቶ ቆመ። ረዳቱ "ጎንደር! ጎንደር! አንድ ሰው፣ መቆሚያ ብቻ!" እያለ ጮኸ። ሔለን ሻንጣዋን አቀበለችውና ወጣች።