የማያውቁት ሰው ቀብር ላይ የቆሙት አባቴ

አባትሽ አረፉ አሉኝ። እስካሁን ስለ ሌላ ሰው አባት የሚያወሩ ነው የሚመስለኝ።

ትናንት ከሰዓት እኮ አውርተናል። "የዘንድሮ ባጃጅ ነጂ ጎማው ተቀዶ ካላለቀ አይመጣም" እያሉ ሲያማርሩ ነበር። አሰላ ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ የጋሪና የባጃጅ ጎማ ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጎሚስታ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ ቀሩ።

እኛ ዘንድ ውጭ አገር ላለ ሰው መርዶ የሚነገረው ከቀብር በኋላ ነው፤ ያውም ሰው ተሰብስቦ በር አንኳኩቶ። ታናሽ እህቴ ሰላም ግን ራሷ ደወለች። የምትጠይቀኝ ነገር ስላለ ነው።

"እታለም፣ እናቆይልሽ ወይስ እንቅበር?"

ቶሎ አገር ቤት የሚያደርሰኝ በረራ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። "መልሼ ልደውል" ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ያሰብኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። አምና አባባ እዚህ ጀርመን፣ የምማርበት ከተማ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ያለ ዕቅድ ውሃ አልጠጣም። ጠዋት ግንብ፣ ቀጥሎ ሙዚየም፣ ከምሳ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ብዬ በሰዓት በሰዓት ጽፌ ሰጠኋቸው። አባባ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ዓይናቸው የቆሙ መኪኖች ጎማ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱን በጫማቸው ጫፍ ነካ እያደረጉ ያልፋሉ።

"ልጄ፣ እዚህ አገር ጎሚስታ ምን በልቶ ያድራል?"

ወደ ግንቡ ስንሄድ በአንድ መቃብር ስፍራ አጥር በኩል አለፍን። ጉድጓድ አፍ ላይ ሳጥን ተቀምጧል፣ ዙሪያውን አራት ሰው። አባባ ቀጥ አሉ።

"ሰዉ የት ሄደ?"

"ይኸው ነው አባባ።"

"እድር የላቸውም?"

"የላቸውም። እንሂድ፣ ይረፍድብናል።"

"ትንሽ ቆመን እንለፍ።"

ይቺን አባባል የማያውቃት የሰፈራችን ሰው የለም። ጋሪ ጭቃ ሲይዘው፣ ሰው ሲጣላ፣ ለቅሶ ሲያልፍ፣ አባባ "ትንሽ ቆመን እንለፍ" ካሉ የዚያን ቀን መንገድ አበቃ ማለት ነው።

ኮታቸውን ይዤ ጎተትኩ። "አባባ፣ እዚህ አገር ሳይጠሩ አይኬድም! እንዲህ አይደረግም!"

"መሞት ግን ይሞታል አይደል?" አሉና ገቡ። ነጠላ ስላልያዙ ቀይ ሻርፔን ከአንገቴ ፈትተው፣ በለቅሶ ወግ አዘቅዝቀው ለበሱት። እኔ ራቅ ብዬ እንደማላውቃቸው ሰው ቆምኩ። በአባቴ አፈርኩ። ይሄን መጻፍ ይከብዳል፣ ግን አፍሬ ነበር።

ሲያበቃ የሟች ልጅ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት፣ ወደ እሳቸው መጣች። እጇን ይዘው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሏት። አማርኛው እንዳልገባት ሲያዩ ጽኚ ለማለት በኦሮምኛ "ጀባዹ" አሏት። አሰላ ላይ አንዱ ካልሠራ ሌላው መሥራቱ አይቀርማ! እዚያው መቃብር ላይ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞራ "አባቴን ከየት ያውቁታል?" አለችኝ። ተረጎምኩላቸው።

"አላውቃቸውም። ግን አራት ሰው ለአንድ ሰው ያንሳል ብለሽ ንገሪያት።"

ነገርኳት። እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር።

አባባ ቀጥለው ድንኳኑ የት እንደተተከለ ጠየቁኝ። ድንኳን እንደሌለ፣ ሁሉም በየመኪናው እንደሚበተን ስነግራቸው "ታዲያ ብቻዋን ቤቷ ልትገባ ነው?" አሉ። ግንቡም ሙዚየሙም ቀረ። ሴትየዋ ቤቷ ይዛን ሄደች። አባባ እስኪመሽ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ጎንበስ ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። ደግነቱ ዝም ብሎ መቀመጥ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ ፈርቼ የኖርኩትን ጠየቅኋቸው። "አባባ፣ እኔ እዚህ እያለሁ እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑስ?"

አልደነገጡም። "እሷ እስክትመጣ ብለው እንዳያቆዩኝ። እኔ ምን ቸገረኝ? መሬት ላይ ተቀምጣ የምትጠብቀው እናትሽ ናት።"

"እኔስ?"

"አንቺ ትደርሻለሽ። መቃብር የትም አይሄድ።"

ያን ጊዜ ተናድጄባቸው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ዛሬ ለሰላም መልሼ ስደውል ልቤ "አቆዩልኝ፣ ፊታቸውን ልይ" ይል ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን "እማማ እንዴት ናት?" አልኳት።

"ፍራሽ ላይ ናት። እህል አልቀመሰችም። ያንቺን መልስ እየጠበቀች ነው።"

"ቅበሩ" አልኩ። ሰላም እንደገና ጠየቀችኝ፤ እንደገና "ቅበሩ" አልኩ።

ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሰላ ያላችሁ፣ ከሲሬም ከአርቦዬም መድረስ የምትችሉ፣ ሂዱልኝ። ለእኔ መደወሉ ይቆያችሁ፤ ከቀብር መልስ እማማ ጋ ተቀመጡ።

አባባ፣ ይቀበሩ ያልኩት እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያ ልጅዎ። ሰው ጨክና ነው ይል ይሆናል፤ እርስዎ ግን እንዳልጨከንኩ ያውቃሉ። ዛሬ ሳጥንዎን ሲያወጡ ከሰዉ መሃል አይፈልጉኝ፣ የለሁም። እንዲያው ሳይጠብቁኝ ይሂዱ። ደህና ይግቡ፣ አባባ።