ሣር ከዳኙ በቆርቆሮ ቤት

ሻንቆ ልጁን ቶማን አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሎት የማያውቀው ለምን ነበር? ፈርቶት ነው እንዳይባል፣ ያለ መሰላል ጉልላት ላይ እየወጣ ሣር ሲከድን የኖረ ሰው ነው። ወዶት ነው እንዳይባል፣ የወደደ ሁሉ እሺ አይልም። ሻንቆን ራሱን የጠየቀው ሰው ቢኖር ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ፣ "ልጄ ተምሯል" ይላል። ይህ ደግሞ መልስ አይደለም።

በአረካ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ቤት ያቆመ ሰው ሁሉ ሻንቆን ያውቀዋል። ቀርከሃውን የሚጎነጉነው፣ ሣሩን ከታች ወደ ላይ እየደራረበ ጉልላቱ ድረስ የሚያደርሰው እሱ ነበር። እሱ የከደነው ቤት ቀን ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት ይሞቃል፤ ጭሱም ዓይን ሳያቃጥል በሣሩ መሐል ሾልኮ ይወጣል። በኋላ ግጦሹ ታረሰ። ዝናቡ ወቅቱን መሳት ጀመረ። ሣሩ አጠረ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። ሰውም አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮ ዞረ፤ ሻንቆም ሥራ ፈታ።

ቶማ ሶዶ ውስጥ መምህር ነው። የሚሊኒየሙ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሲቃረብ ቆርቆሮ በመኪና አስጭኖ ከአናጢ ጋር መጣ። መንደሩ እልል አለ። ሻንቆ ግን ማገሩን ሲያይ ቆይቶ፣

"ጣሪያው ዝቅ ብሏል። ግድግዳውን አንድ ክንድ ጨምሩበት" አለ።

"ጋሼ፣ ቀጭኔ ልታስገባ ነው እንዴ?" አለው አናጢው። ቶማም አብሮ ሳቀ።

"ኮርኒስስ?"

"ለከርሞ፣ አባባ።"

"እሺ" አለ ሻንቆ።

አሮጌውን ቤት በገዛ እጁ አፈረሰ። የዓመታት ጭስ የጠጣውን ሣር እንደ ደንቡ ለእንሰቱ ሥር አለበሰው፤ መሬት ያወፍራልና። አንድ ሸክም እንኳ ለክፉ ቀን ሳያስቀር መጨረሱ በኋላ አንገበገበው።

ሚስቱ ሙሉመቤት ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቀኝ ጎኗ ሰልሎ አልጋ ላይ ነበረች። ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል። በሣሩ ቤት ሳለች ከአልጋዋ ሹክ ስትል ሻንቆ ደጅ ሆኖ ይሰማት ነበር። የካቲት ሲገባ በልጉ ቀረ። ሰማዩ ነጣ፤ ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ መንጣጣት ያዘ። እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት ይሆናል። ሙሉመቤት ልብሷን መግፈፍ እንኳ አትችልም፤ ዓይኗን ወደ በሩ ታዞራለች። ሻንቆ አዝሏት ወደ እንሰቱ ጥላ ይወጣል። የእንሰቱ ቅጠልም ደርቆ ጥላው ሳሳ።

ጤና ጣቢያ ያለው ሰው፣ "ሙቀት አይስማማትም፤ ቀዝቃዛ ቦታ ትተኛ" ብሎታል። ቀዝቃዛ ቦታ! ሻንቆ ማጭዱን ይዞ ወጣ። ከዳሞት ተራራ ሥር ጀምሮ እስከ ቤሌ መንገድ አራት ቀን ዞረ፤ አንዱን እፍኝ በልመና፣ ሌላውን በጉልበት ሥራ አገኘ። በእንሰቱ መሐል አንዲት አልጋ የምታስገባ ጎጆ ቀልሶ፣ ሚስቱን አስተኛት።

"የቶማ አባት" አለችው ሹክ ብላ፣ "በስተርጅና የጫጉላ ቤት?"

ሁለት ወር ሙሉ እዚያች ጎጆ ውስጥ እህል ቀመሰች፣ እንቅልፍም አገኘች።

በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር ደገፉ መጣ። የሻንቆ ቤት ሞዴል ተብሎ ተመርጧል፤ ሐሙስ ከሶዶ እንግዶች ሊጎበኙት ነው።

"ይቺ ጎጆ ምንድን ናት? ሰው ጠርተን ሣር ልናሳይ ነው?"

"የበሽተኛ መኝታ ናት።"

"ለአንድ ቀን አንሳታ!"

"ደገፉ፣ ጎጆ በርጩማ ነው እንዴ የሚነሳው?"

"እኔን ተወኝ፣ ለልጅህ ንገር።"

ልጁ ረቡዕ ደረሰ። "አባባ፣ ቤቱ የተመዘገበው በስሜ ነው፤ አታሳፍረኝ። አርብ እኔው እሠራታለሁ።"

"ሣር መክደን ታውቃለህ?"

"ታሳየኛለህ።"

ሻንቆ ሚስቱን አያት። እሷ ልጇን ታያለች። "እሺ" አለ፤ ሣሩን ማውረድ ጀመረ።

እንግዶቹ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ገብተው ጣሪያውን አዩ፣ ግድግዳውን ዳሰሱ፤ ከዚያ ላባቸውን እየጠረጉ ተጋፍተው ወጡ። ከጎረቤት አቮካዶ ሥር ወንበር ወጣላቸው። "ግሩም ቤት ነው" አለ አንዱ፣ በያዘው ወረቀት ፊቱን እያራገበ። አጨበጨቡ። ሙሉመቤት እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ነበረች። እንግዶቹ እስኪሄዱ እንዳትወጣ ተብሏል። ስምንት ሰዓት ላይ ሲሄዱ ቶማ ሊሸኛቸው አብሯቸው ወጣ። ሻንቆ ሲገባ ከንፈሯ ደርቋል፤ ውሃው አልወርድ አላት።

ሊያዝላት ጎንበስ ሲል ጠፍቶ የከረመው ዝናብ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ወዴት ያውጣት? ቆርቆሮው አናቱ ላይ ድንጋይ የሚደፋበት መሰለ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"ምን አልሽ?"

ጆሮውን አፏ ላይ አስጠጋ። ትንፋሿ ጉንጩን ነካው፤ የሰማው ግን ቆርቆሮውን ብቻ ነው። "አይሰማኝም!" ብሎ ጮኸ። እሷም የሰማችው አይመስልም። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው፤ ከዚያ ተወችው። ዝናቡ ሲያባራ ቤቱ ጭር አለ፤ ትንፋሿም አልነበረም።

አርብ ተቀበረች። ለቀስተኛው፣ "ዝናብ አምጥታልን ሄደች" አለ። ሻንቆ ከሐሙስ ጀምሮ ዓይኑን አልከደነም።

ሰኞ ቶማ ዓይኑ አብጦ፣ አናጢውን አስከትሎ መጣ። "አባባ፣ ኮርኒሱን ላሠራው ነው።"

"ለማን?" አለ ሻንቆ።

 አናጢው ምስማሩን እንደያዘ አባትና ልጁን እያፈራረቀ ሲያይ ቆመ።

"እሺ፣ አሠራ" አለ ሻንቆ በመጨረሻ፤ ወጥቶም እንሰቱ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም አለ። ከቤት ውስጥ መዶሻው ጀመረ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንቅልፍ ወሰደው።