ተራራው እስከ መስቀል ይቆይ እንደሆነ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለም፤ የተቃጠለ ቤትም የለም። እኔ ራሴ እሳቱን አላየሁም፤ ወልቂጤ ሆኜ በስልክ የሰማሁት ነው። ቢሆንም በዚያ ክረምት ቤተሰባችን ሌላ ነገር ስላላወራ እጽፈዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ አፋር ውስጥ፣ ከአንድ እሳተ ገሞራ ብዙም በማይርቅ መንደር ሱቅ ነበረው። ለአርብቶ አደሮች ስኳር፣ ዱቄት፣ ባትሪና ጫማ ይሸጣል። ሐምሌ ላይ ተራራው አመድ መትፋት ጀመረ። እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ስለ ምድር አፈጣጠር የወሰድኩት ትምህርት አንድ ብቻ ነው። ቡታጅራ ላሉት ቤተሰቦቼ ግን ያ በቂ ነበር።

"ልጄ፣ ንገሪውና ይምጣ" አለች እናቴ። "እኔን አይሰማም። አንቺ ተምረሻል።"

ደወልኩለት። ሳል ይዞታል።

"አሁን ብመጣ ምን ይባላል? ከስሮ ገባ ነው የሚሉት። እኔ ቡታጅራ ሳልደርስ ወሬው እንሴኖ ገበያ ይደርሳል።"

እውነቱን ነው። በእኛ አገር ለንግድ የወጣ ሰው የሚመለሰው ለመስቀል ነው፤ ያን ጊዜ ለምን መጣህ የሚል የለም። በሐምሌ የመጣ ግን መልስ ማዘጋጀት አለበት።

"ይልቅ አንድ ነገር ንገሪኝ። እስከ መስቀል ይቆያል?"

"ማን?"

"ተራራው ነዋ! እስከዚያ ከታገሠኝ ከሌሎቹ ጋር እገባለሁ።"

ላስደስተው ስለፈለግኩ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብኩ። አፋር ላይ የምድር ቅርፊት በሦስት አቅጣጫ ይሳባል፤ ስለሚሳሳም ቅልጡ ዐለት ለመውጣት ብዙ አይቸገርም። አብዛኛውን ጊዜ በስንጥቁ ወጥቶ ይፈስሳል፤ ጠቁሮም ይረጋል። አንዳንዴ ግን የተራራው አፍ ይደረመስና ታፍኖ የቆየው ጋዝ ዐለቱን ፈጭቶ ወደ ሰማይ ይረጨዋል። አመድ የሚባለው ይህ ነው፤ የእንጨት አመድ ሳይሆን የደቀቀ ድንጋይ። መቼ እንደሚብስ ወይም መቼ እንደሚያቆም የሚናገር ገጽ ግን አላገኘሁም።

"ቅልጡ ዐለት ሱቅህ የሚደርስ አይመስለኝም፤ የሚጎዳህ አመዱ ነው" አልኩት። "እስከ መስቀል ላልከው ግን የሚያውቅ የለም።"

"ይህን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?" ሳቀ፤ ከዚያ ሳለ።

የውሃ በርሜሉን እንዲከድን፣ አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ እንዲሸፍን ነገርኩት።

እናቴ በመልሴ አልተደሰተችም። ብሎኬት የሚያመርተው አባቴ ግን ሌላ ነገር ጠየቀኝ፤ "እኛ ለብሎኬት የምናስቆፍረው ቀላል ጠጠርም ከእንደዚያ ያለ ተራራ የወጣ ነው?" አዎ አልኩት፤ ቡታጅራም በዚያው ስምጥ ሸለቆ ዳር ናት፣ የእኛው ግን ድሮ በርዷል። አባቴም "እንግዲህ ለጎረቤት ሠራተኛ አነሰኝ፣ ልጄን ጠራሁት እላለሁ" አለ።

ወንድሜ ይህንንም አልተቀበለም። "በዚህ ዝናብ ማን ብሎኬት ይሠራል? ሕፃን እንኳ አያምነውም!"

ነሐሴ ላይ ደንበኞቹ ሄዱ። አመዱ ሣሩን ስለሸፈነው ፍየሎቹ መብላት አቆሙ፤ አርብቶ አደሮቹም ግጦሽ ፍለጋ ራቁ። እሱ ግን የሚገዛው በሌለበት መንደር ጠዋት ጠዋት ሱቁን እየከፈተ ጠበቀ። ተራራው ጸጥ ሲል ይደውላል፤ ሲያጉረመርም አይደውልም። ሳይደውል በዋለባቸው ቀናት እናቴ እህል አትቀምስም ነበር።

በመጨረሻ የተረፈውን ዕቃ አዲስ አበባ ሸጦ፣ ለበዓል ከሚመለሱ ነጋዴዎች ጋር በአንድ አውቶቡስ ገባ። ጎረቤቶች "እንኳን አደረሰህ" አሉት፤ ሌላ የጠየቀው የለም። እናቴ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ትንፋሹን አዳመጠች። ወደዚያ እንደማይመለስ የነገራትም ያኔውኑ ነው። ለቤታችን ያ ነገር ያበቃው በደመራ ዕለት፣ መስከረም አሥራ ስድስት ቀን ነው።