ሰባት ቤት በአንዲት ክፍል

እስር ቤት የገባሁት የሰው ነጠላ አልለቅም ብዬ ነው። ሌሎች ስለ እስራቸው ሲያወሩ የያዙትን መፈክር ወይም የተናገሩትን ደፋር ቃል ያነሳሉ። እኔ የማነሳው አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ነው፤ እሱም የእኔ አልነበረም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፖሊስ በልጆቻችን ላይ እጁን ማንሳቱን እንዲያቆም ለመጠየቅ ኢየሩሳሌም መሀል ሰልፍ ወጥተናል። ጎትታ ያመጣችኝ የክፍል ጓደኛዬ ናት። መፈክር ለማሰማት ድምፄ ስለማይበቃ ውሃ እንዳድል ተመደብኩ። ይህንንም ፈርቼው ነበር፤ "ውሃ ትፈልጋላችሁ?" ማለትም መናገር ነውና። ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ አንገቴን እደፋለሁ፤ መልሱን ባውቀውም አንገቴን እደፋለሁ። ቤታችን የሚመጡ እንግዶች እናቴን "ይቺ ልጅ አፍ አላት?" ይሏታል። እናቴ "አላት፤ የምትበላበት" ትላለች።

የኢትዮጵያ መንገድ ከሃነቪኢም መንገድ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ስንደርስ ፈረሰኛ ፖሊሶች መጡ። ሰው ሁሉ ሮጠ። እኔም መሮጥ ፈልጌ ነበር፤ እግሬ ግን አልሰማኝም። አጠገቤ በአያቴ ዕድሜ ያሉ፣ ጃንጥላ የያዙ አንዲት አጭር ሴት ቆመዋል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የነጠላቸውን ጫፍ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። እሳቸው ወደ እኛ የመጣውን ፈረስ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ማሳ ውስጥ የገባ በሬ እንደሚያባርር ሰው "ሂድ! ውጣ ከዚህ!" አሉና በጃንጥላው አፍንጫውን ቸብ አደረጉት። ፈረሱ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ፖሊሱ በክብር ነው ለማለት በሚያስቸግር ሁኔታ በጎን በኩል ወረደ።

ሊይዟቸው ሲመጡ እኔን የፈለገኝ አልነበረም። አንዱ ፖሊስ "አንቺ ልቀቂያትና ሂጂ" አለኝ። ጣቶቼ አልፈታ አሉ። ሦስት ጊዜ ነገረኝ። ሲሰለቸው ሁለታችንንም ከነነጠላው አንድ መኪና ውስጥ ከተተን። መዝገቡ ላይ "ለፖሊስ አልታዘዝም ብላለች" ተብሎ ተጻፈብኝ። እኔ በሕይወቴ ለአንድም ሰው አልታዘዝም ብዬ አላውቅም ነበር።

ክፍሏ ፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር ካለው መኝታ ቤቴ ትንሽ ትሰፋለች። ሁለት የሲሚንቶ መደብ፣ አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የበረኪና ሽታ። ግድግዳው ላይ አንድ ሰው በዕብራይስጥ "እማዬ፣ ይቅርታ" ብሎ ጭሯል። እሱን ሳነብ ለቅሶዬ መጣ። ሴትዮዋ፣ ከዚህ በኋላ እማማ እላቸዋለሁ፣ ክፍሏን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ መደቡን በእጃቸው ጠረጉና ለጥየቃ እንደመጣ ሰው ተደላድለው ተቀመጡ።

"የማን ልጅ ነሽ?"

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

"አባቱስ?"

ነገርኳቸው።

"የእሱስ አባት?"

"አላውቅም።"

"ወፍ ዘራሽ ነሽ እንዴ? ሰባት ቤት ሳትቆጥሪ እንዴት ልታገቢ ነው?"

እኛ ቤተ እስራኤሎች ሳንጋባ በፊት ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ትውልድ እንቆጥራለን። እማማ ይህ ያልተጠናቀቀበት ሰው ፊታቸው ሲቀመጥ ዕረፍት አያገኙም።

"እማማ፣ አሁን ላገባ አይደለም። ታስረን እኮ ነው።"

"ታስረሽማ ጊዜ አለሽ። አባትሽ የየት አገር ሰው ነው?"

"የወገራ።"

ዓይናቸው በራ። የአያቴን ስም እንደገና አስጠሩኝ። "አወቅሁት! የቀጥቃጮቹ ዘር ነሽ!" አሉና ከሦስተኛው ጀምረው ይዘረዝሩልኝ ጀመር። እያንዳንዱን ስም አምስት አምስት ጊዜ አስደገሙኝ። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ምክንያቱ ኋላ ይገባችኋል። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እሱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። የአገሩ ጌታ ጠርቶ ጎረቤቱን የሚያስርበት እግር ብረት ሥራ አለው። 'ማረሻ ልሥራልህ፣ ማጭድ ልሥራልህ፤ የጎረቤቴን እግር የሚይዝ ብረት ግን ከእጄ አይወጣም' አለ።"

"ከዚያስ?"

"ገረፉት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሚስቱ ጀርባውን ቅቤ ቀባችው። ምን እንዲሆንልሽ ፈለግሽ?"

ዳቦ ይዛ የመጣችው ጠባቂ የእኛው ልጅ ነበረች፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። እማማ ዳቦውን ሳይቀበሉ "የማን ልጅ ነሽ?" አሏት።

"ሬጋ፣ ሳቭታ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ" አለች፤ በዕብራይስጥ "ይቆዩ፣ አያቴ" ማለቷ ነው።

"ሥራሽን ሥሪ፤ በአፍሽ ቁጠሪ።"

በሩን በአንድ እጇ እንደያዘች አራት ቆጠረች። ከእኔ በሁለት በለጠችኝ፤ ቀናሁባት። እማማ የቀረውን ሞሉላትና የእናቷ አጎት የእሳቸውን የአክስት ልጅ ማግባቱ ተደረሰበት። ጠባቂዋ ሄዳ ተጨማሪ ብርድ ልብስና ሻይ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ በሩን ከመክፈቷ በፊት ማንኳኳት ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ተጠራሁ። መርማሪው ትሑት ሰው ነበር፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። አንድ ገጽ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ሴትዮዋ ፖሊሱን ራሱ ላይ በጃንጥላ ሲመቱት አይቻለሁ ይላል።

"ፈርሚና አሁኑኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ" አለኝ። "ካልፈረምሽ ግን እስከ ነገው ዳኛ እዚሁ ነሽ። ቲክ ይከፈትብሻል።"

ቲክ ማለት የወንጀል መዝገብ ነው። እኔ ደግሞ ለመጪው መስከረም ነርስነት ለመማር ተቀባይነት አግኝቻለሁ። እናቴ ወሬውን ለሕንፃችን ነዋሪ በሙሉ አዳርሳለች፤ አማርኛ ለማይሰሙት ሩሲያውያን ጎረቤቶቻችን ሳይቀር በእጇ መርፌ እየሠራች አስረድታቸዋለች። ቲክ ካለብኝ ያ ሁሉ ቀረ ማለት ነው።

እውነቱን ልናገር፤ እስክሪብቶውን አነሳሁ። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ። ያን ጊዜ ያ የተገረፈ ቀጥቃጭ ትዝ አለኝ። ይህ ወረቀት የእማማን እግር የሚይዝ ብረት ነው፤ የሚወጣውም ከእኔ እጅ ነው። የእሱ ዘር ሆኜ ይህን ማድረጌ አሳፈረኝ።

"ፈረሱን ነው" አልኩ።

"ምን?"

"የመቱት ፈረሱን ነው። አፍንጫውን። መምታትም አይባልም፣ ቸብ ነው ያደረጉት። ፖሊሱ ራሱ ነው የወረደው።"

ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር እየተንቀጠቀጠ የመርማሪው ቡና በወረቀት ኩባያው ውስጥ ይወዛወዝ ነበር። መርማሪው ኩባያውን አንስቶ ራቅ አደረገው።

"አንቺ ስምሽን ብቻ ጻፊ።"

"ስሜን ነው የምትፈልገው?" አልኩትና ቆጠርኩለት። የራሴን፣ የአባቴን፣ የአያቴን፤ ድምፄ እየተቆራረጠም ቢሆን ወደ ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ ይጽፍ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ሲያልቅበት እጁን አነሳ። አምስተኛውን ስጠራ ጮህኩ መሰለኝ፤ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ቆሞ አየን። በሩ ላይ የቆመችው ጠባቂ በጣቶቿ ትከተለኝ ነበር። ሰባተኛው ላይ ስደርስ በአማርኛ "ሙሉ ነው" አለች። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት።

ክፍል ስመለስ እማማ "ፈረምሽ?" አሉኝ።

"አልፈረምኩም።"

ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና የነጠላውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ።

በማግስቱ ዳኛዋ ፊት አንድ ልጅ በስልኩ የቀረጸው ታየ። ጃንጥላው፣ የፈረሱ አፍንጫ፣ የፖሊሱ አወራረድ። ዳኛዋ ሦስት ጊዜ አስደገመችው፤ ሦስተኛው ለሕግ ሲባል አይመስለኝም። ሁለታችንንም ለቀቀችን። የእኔ ቲክ ግን እስኪዘጋ ስምንት ወር ፈጀ፤ ትምህርቴም በአንድ ዓመት ዘገየ። ለእናቴ ይህን መንገር ከመርማሪው ይከብድ ነበር።

ቤት እንደገባሁ እናቴ አለቀሰች፣ አበላችኝ፣ እንደገና አለቀሰች። እንድትጽናና ብዬ በኩራት ሰባት ቤት ቆጠርኩላት። ሦስተኛው ላይ አቋረጠችኝ።

"እሱ የእኛ አይደለም።"

"እንዴት አይደለም?"

"የአያትሽ ስም ገጥሞ ነው እንጂ እነሱ የወንዙ ማዶ ሰዎች ናቸው። አባትሽን ሳላገባ አስቆጥሬዋለሁ፤ እኔ አላውቅም?"

"ያ ቀጥቃጭስ?"

"የማዶዎቹ ነዋ።"

"የእኛ አምስተኛውስ ማን ነው?"

እናቴ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። "ሸማኔ ነበር" አለች። "ደህና ሰው ነበር።"

"ምን አደረገ?"

"የአገሩ ጌታ ሰዎች ሲመጡ ጎተራ ውስጥ ገብቶ ሦስት ቀን ተደበቀ። ፈሪ ለእናቱ ሲባል አልሰማሽም?"

እስኪያመኝ ሳቅኩ። በዚያ ሁሉ ሰልፍና እስር የሠራሁት ወንጀል አንድ ብቻ ነው፤ ለፖሊስ አምስት የሰው አያቶች ሰጥቻለሁ። ሌሊቱን ግን ስተኛ ሳቁ ለቀቀኝና አንድ ነገር ገባኝ። እዚያ ወንበር ላይ ቀጥቃጩ አልነበረም። ዘሩም አልነበረም። የነበረችው የሸማኔው ልጅ ናት፣ ጉልበቷ የሚንቀጠቀጠው።

አሁን ነርስ ነኝ። አዛውንቶቻችን ሲታከሙ ሐኪሞቹ ፊት የምናገርላቸው እኔ ነኝ፤ አንዳንዴም ዝም በይ እባላለሁ። ድፍረት ሲያንሰኝ እቆጥራለሁ፤ በትክክለኛው ቆጠራ። የጎተራውን ሰው አልዘለውም፤ እሱ ባይደበቅ እኔ አልኖርም ነበር።

እማማን ጊሎ ሰፈር ድረስ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ለጎረቤት ሲያስተዋውቁኝ "የቀጥቃጩ ልጅ" ይሉኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ፣ ባለፈው ክረምት እውነቱን ነገርኳቸው። ስለ ወንዙም፣ ስለ ማዶዎቹም፣ ስለ ጎተራውም። ቆጠራ ተሳስተው የሚያውቁ ሰው አይደሉምና ተቆጡ። በጣታቸው ሁለት ጊዜ ቆጠሩ።

"እንግዲያው" አሉ በመጨረሻ፣ "የልጅ ልጆችሽ ሲቆጥሩ አንቺ ዘንድ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያድርጉ።"

አንገቴን ደፋሁ።