የኦዚት አፍንጫ

በወንዙ ዳርና ዳር ያለ ሰው ሁሉ ኦዚት መለሪንን የሚያውቃት በአፍንጫዋ ነው። ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ትንሽዬ፣ ጫፏ ቀና ያለች አፍንጫ ናት። በወጣትነቷ መንደሪን ማሸጊያው ቤት ስትሠራ፣ ፍሬው በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እየተንከባለለ ሲመጣ፣ ሌሎቹ ሴቶች ዓይናቸውን አፍጥጠው የተበላሸውን ይለቅማሉ። ኦዚት ግን ከጓደኛዋ ጋር እያወራች፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር እጇን ሰደድ አድርጋ ከሥሩ ሻጋታ የጀመረውን አንዱን ታወጣለች። አለቃው መጀመሪያ ያየ ቀን፣ «ይቺ ልጅ ወይ ጠንቋይ ናት ወይ የአደን ውሻ» አለ። ክሎቪስ ከመኪናው ላይ ሣጥን እያወረደ ሰማና፣ «ጠንቋይ ከሆነች እኔ አገባታለሁ» ብሎ ቀለደ። በዓመቱ አገባት።

ቤቱን የሠራው ክሎቪስ ነው። ከጎርፍ መከላከያው ግድብ ሥር፣ መንገዱ ሊያልቅ ሲል፣ ከኋላው መንደሪን ተክሎበት። ትልልቅ መርከቦች በወንዙ ሲያልፉ ከጣሪያው በላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። መንደሪኑ የሚደርሰው ጥቅምት ማለቂያ ላይ ነው፤ ልጣጩ ገና አረንጓዴ ሆኖ ውስጡ ማር ይሆናል። ከከተማ የሚመጣ ሰው አረንጓዴነቱን አይቶ ጥሬ ነው ብሎ ይተወዋል። ኦዚት እንዲህ ያለውን ሰው አትከራከርም። አንዱን ላጥ አድርጋ አፍንጫው ሥር ትይዝለታለች፤ እሱም ሳይናገር ቦርሳውን ያወጣል።

ባለፈው የብርድ ወራት ታመመች። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ አፍንጫዋን ግን ይዞባት ሄደ። አንድ ጠዋት መንደሪን ላጠችና አፏ ውስጥ ስታደርገው ጎምዘዝ ያለ ጣፋጭ ውኃ ሆነባት። መንደሪንነቱ የለም። ሌላ ላጠች። ሌላም ላጠች። ጠረጴዛው በልጣጭ ሞላ፤ ወጥ ቤቱ ግን ባዶ ቤት እንደሚሸት እንኳ አልሸተታትም።

ለማንም አልተናገረችም። ልጇ ጀርሜን ከወንዙ ወደ ላይ፣ ከተማ ነው የምትኖረው። አባቷ ክሎቪስ ከሞተ ወዲህ፣ «እማዬ፣ ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ» ማለት ሥራዋ ሆኗል። በፋሲካ ሳታስታውቅ መጥታ በሩን ስትከፍት ቤቱ ጢስ ብቻ ነበር፤ ቀይ ቦሎቄ ከድስቱ ጋር ከሰል ሆኗል፤ ኦዚት ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጣ ሸሚዝ ትጠቅማለች።

«ስልክ ላይ ሆኜ ነው» አለች ኦዚት።

ጀርሜን ድስቱን ወደ ውጭ ወረወረችና፣ «አንድ ጊዜ ለማንም ያጋጥማል። ሌላ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ግን እማዬ፣ አልለምንሽም፤ ይዤሽ ነው የምሄደው» አለች።

የሃሎዊን ቀን እየቀረበ ሲመጣ ኦዚት እንቅልፍ አጣች። በዚያ ቀን ቤተሰቡ እሷ ዘንድ ይሰበሰባል። ጠዋት መቃብር ኖራ ይቀባል፤ ማግስቱ ሙታን የሚታሰቡበት የቅዱሳን ሁሉ ቀን ነውና። ከሰዓት በኋላ ጭምብል አድርገው ጣፋጭ ሊለምኑ በየቤቱ ለሚመጡት ልጆች የመንደሪን ኬክ ይጋገራል፤ ከሥሩ የቅቤ ሊጥ፣ ከላዩ በእንቁላልና በስኳር የረጋ የመንደሪን ጭማቂ፣ ቀዝቅዞ በአራት ማዕዘን የሚቆረጥ። በዚህ ቤት ኬኩ በሰዓት ተጋግሮ አያውቅም። ምድጃው አሮጌ ነው፤ የጋዙ ሲሊንደር ሙሉ ሲሆን ይፋጃል፣ ሲጎድል ያንቀላፋል። ትሪው ከገባ በኋላ ሁሉም ዝም ይላል። ኦዚት ወንበሯ ላይ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። ክሎቪስ በሕይወት ሳለ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። ከዚያ እሷ «ደረሰ!» ትላለች፤ ልጆቹ ይጮኻሉ፤ ምድጃው ይከፈታል። ተሳስታ አታውቅም።

ስለዚህ ለብቻዋ ስትለማመድ ሰነበተች። በቀለሙ ለማወቅ ሞከረች፤ ጠርዙ ሲንተከተክ በጆሮዋ ለመያዝ ሞከረች። አንዱ ጥሬ ይወጣል፣ አንዱ ያራል። የተበላሸውን ሁሉ ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ትጥለዋለች።

በሃሎዊን ጠዋት የክሎቪስን መቃብር ኖራ የቀቡት ኦዚትና ዜኖቢ ናቸው። ዜኖቢ የክሎቪስ እህት ናት፤ ከመንገዱ ማዶ በተጎታች ቤት ውስጥ ከውሻዋ ጋር ትኖራለች። ሁለቱ ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን ሲነካከሱ የኖሩ ናቸው።

«ውሻዬ ሰሞኑን ወፍሯል» አለች ዜኖቢ ብሩሿን ኖራው ውስጥ እየነከረች።

«እና እኔ ምን ላድርግ? ቀበቶ ልግዛለት?»

«አፉ ስኳር በስኳር ሆኖ ይመጣል። ጺሙ ላይ የኬክ ፍርፋሪ። የተቃጠለ ኬክ።»

የኦዚት ብሩሽ ቆመ። «የሰው ቤት እየዞረ የሚበላ ውሻ አሳዳጊ የበደለው ነው» አለችና ወደ መቃብሩ ሌላ ጎን ዞረች። ዜኖቢም ሌላ ቃል አልጨመረችም። እሱ ነው ኦዚትን ይበልጥ ያስፈራት፤ ዜኖቢ ቃል ስትቆጥብ አይታ አታውቅማ።

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱ ሞላ። ጀርሜን የቅቤውን ሊጥ በመዳፏ ትሪው ላይ ትደፈጥጣለች። የጀርሜን ልጅ ኮሪን የሌሊት ወፍ ክንፏን በጀርባዋ አንጠልጥላ የመንደሪን ልጣጭ ትፈቀፍቃለች፤ በወረቀትም የመናፍስት ቅርጽ ቆርጣ አዘጋጅታለች፤ በኋላ ዱቄት ስኳር ሲነሰነስበት ኬኩ ላይ ነጭ መንፈስ እንዲወጣ። ዜኖቢ ምድጃው አጠገብ ወንበር ይዛ እግሯን ዘርግታለች።

«አክስቴ፣ እግርዎን ይሰብስቡ፤ ትሪ ይዣለሁ» አለች ጀርሜን።

«በላዩ ተራመጂ። እናትሽ ስትረግጠኝ ነው የኖርኩት።»

ትሪው ገባ። ኮሪን እጇን ጠርጋ፣ «አያቴ፣ አሁን ዝም እንበል?» አለች።

«ዝም በሉ» አለች ኦዚት፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

ጨለማ ብቻ ነበር። ድሮ በዚህ ጨለማ ውስጥ ሁሉ ነገር ተራ በተራ ይመጣላት ነበር፤ አሁን የራሷን ትንፋሽ ብቻ ሰማች። ጠርዙ ሲንተከተክ ለመስማት ጆሮዋን አቀናች። የሚሰማው ግን የሚያልፍ መርከብ ድምፅ ነው።

ዜኖቢ አሳለች።

ኦዚት በልቧ ጠየቀች፦ መድረሱን ልትነግረኝ ነው? ወይስ ጥሬውን አስወጥታኝ እስከ ፋሲካ ልትስቅብኝ? ከዜኖቢ ደግ ነገር የጠበቀችበትን ቀን አታስታውስም። አልተንቀሳቀሰችም። ዜኖቢ እንደገና፣ ሳንባዋ እስኪወጣ አሳለች። ኦዚት ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች።

«አያቴ» አለች ኮሪን ቀስ ብላ፣ «ያረረ ነገር ይሸታል።»

ጀርሜን ብድግ ብላ ምድጃውን ከፈተችው። የትሪው ጠርዝ ጠቁሯል። ዞራ እናቷን አየቻት። ያ አስተያየት የፋሲካው ነበር።

«የእኔ ጥፋት ነው!» አለች ዜኖቢ ድንገት። «ቤቱ በርዶኝ እሳቱን ከፍ አድርጌው ነበር፤ በሳሌም አዘናጋኋት። ጉልበቴን ቁርጥማት ይዞኛል፤ ምን ላድርግ?»

«አክስቴ! ምድጃ ይነካል እንዴ?»

«ስታረጂ ትነኪያለሽ።»

ጀርሜን ከንዴቷ መሃል ሳቀች፤ ትከሻዋም ወረደ። የጠቆረውን ጠርዝ በቢላዋ እየቆረጠች መሃሉን አተረፈች፤ ሁለተኛ ትሪም አሰናድተው አስገቡ። ኦዚት ዜኖቢን አየቻት። ዜኖቢ ጣሪያውን ታያለች።

ትንሽ ቆይታ ጀርሜን የእናቷን እጅ ያዘች። «እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ዛሬ የመጣሁት ልመረምርሽ ነበር። ከፋሲካ ጀምሮ ሆዴን ሲበላኝ ነው የከረመው። አሁን ግን ደህና ነሽ፣ አየሁሽ። ኮሪንም ትምህርት ቤቷ ለበዓሉ ተዘግቷል፤ እኔ ሥራ አለብኝ። አንቺ ጋ ትሰንብት።»

ኮሪን ክንፏን እያርገበገበች ወጥ ቤቱን ዞረችው። «ኋለኛዋ ክፍል ልተኛ! ኋለኛዋ!»

ኦዚት የፈለገችውን ሁሉ አገኘች። ቤቷ ተረፈ። ጎንበስ ብላ ኋለኛዋን ክፍል አየቻት፤ በሩ ክፍት ነው፤ አልጋው የተጠጋበት ግድግዳ ይህ ምድጃ የተደገፈበት ግድግዳ ነው። ጋዙ ሌሊት ቢያመልጥ ማን ይነግራታል? ለራሷ ስትሆን ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ገፍታ ተኝታለች። አሁን ግን አልገፋ አላት።

«አትተዪያት» አለች።

«ምነው?»

«አይሸተኝም።»

«ምኑ?»

«ምንም። ከትኩሳቱ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። ቦሎቄው ሲያርም ስልክ ላይ አልነበርኩም።»

ኮሪን ቀረብ ብላ፣ «የእኔ ካልሲ እንኳን?» አለች።

«የአንቺ ካልሲ እንኳን፣ ልጄ።»

አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል። የተመታው አፍንጫ የኦዚት ነው፤ ያለቀሰችው ግን ጀርሜን ናት። መጀመሪያ ተቆጣች፤ «ልትሞቺ እኮ ነበር! እዚህ ብቻሽን! እኔ በስልክ ደህና ነሽ ወይ ስልሽ ደህና ነኝ እያልሽ!» አለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረና ፊቷን በሊጣም እጇ ሸፈነች። ሲረጋላት፣ «በቃ። ነገ ልብስሽን እንሰበስባለን» አለች።

ኦዚት አልተከራከረችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና የመስኮቱን ውጭ፣ ፍሬ ያንዠረገገውን ዛፍ አየች።

«ቆይ እስቲ» አለች ዜኖቢ። «አፍንጫ ከሆነ የጠፋው፣ እኔ አለኝ። የእኔን ጣሪያ ዐውሎ ነፋስ ከገለጠው ወዲህ አልጋዬ ላይ ይዘንባል። ውሻዬም የሚበላው እዚሁ ነው። እኔ ልምጣ።»

«ከአንቺ ጋር?» አለች ኦዚት ቀና ብላ። «ከተማ ብሄድ ይሻለኛል!»

«ሂጂ! አሥረኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠሽ ደመና ልጪ!»

«ማንኮራፋትሽ እስከ እኔ መኝታ ቤት ነው የሚሰማው፤ ያውም ከመንገድ ማዶ!»

«አፍንጫ ያለው ሰው ያንኮራፋል።»

ጀርሜን እንባዋን ጠርጋ፣ «አክስቴ፣ የምርዎን ነው? እርስዎና እማዬ በሳምንት ትገዳደላላችሁ» አለች።

ዜኖቢ እግሯን ሰበሰበች። «በሠርጓ ቀን ‹ወንድሜ አፍንጫ አገባ› ብዬ ሰውን ሁሉ አስቄባታለሁ። አሁን አፍንጫዋ የለም። ወንድሜ ያገባው ምን እንደነበር አጠገቧ ሆኜ ልየው እንጂ።»

በዚህ መሃል ሁለተኛው ትሪ ምድጃ ውስጥ እንዳለ ኮሪን አስታወሰች። ሁሉም ወደ ኦዚት ዞረ፤ ከዚያ አፈረና ወደ ዜኖቢ ዞረ።

«እኔ አላውቅበትም» አለች ዜኖቢ። «ሲያር ነው የማውቀው።»

ኦዚት ወንበሯን ወደ ዜኖቢ አስጠጋች። «አሁን ምን ይሸታል?»

«ኬክ።»

«ኬክማ አውቃለሁ፤ ደረቅ! ምን ምን ይላል?»

ዜኖቢ አነፈነፈች። «ቅቤ። የሞቀ ቅቤ።»

«ገና ነው። … አሁንስ?»

«እንቁላል እንቁላል ይላል። ትንሽ ያስጠላል።»

«ጥሩ። ገና ነው።»

ጀርሜን ሳትተነፍስ ታያቸዋለች። ሁለቱ አሮጊቶች ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው፣ አንዷ ዓይኗን ጨፍና፣ አንዷ አፍንጫዋን ወደ ምድጃው ቀስራ።

«አሁንስ?»

«አሁን …» ዜኖቢ ቃል ፈለገች። «አሁን ክሎቪስ ከእርሻ ሲገባ ኮቱ እንደሚለው ይላል። መልቀሚያ ሰሞን።»

ኦዚት ዓይኗን ገለጠች።

«ደረሰ» አለች።

ኮሪን ጮኸች፤ ጀርሜን ከፈተችው። እንደ ጀንበር ያበራ፣ መሃሉ ለስላሳ፣ ጠርዙ ወርቅ የሆነ። ጀርሜን ትሪውን ይዛ ቆመች። ብዙ ካሰበች በኋላ፣ «ይህ ምድጃ በኤሌክትሪክ ይቀየራል» አለች። «እስኪቀየር ከአክስቴ በቀር ማንም አይለኩሰውም። የጋዝ ማስጠንቀቂያ ነገ ገዝቼ እተክላለሁ። እኔም በየእሑዱ እመጣለሁ። አንዱ ከጎደለ …»

«ይዘሽኝ ትሄጃለሽ» አለች ኦዚት።

«ዛሬ ማታ አክስቴ እዚህ ካደሩ፣ ኮሪንም ታድራለች።»

ዜኖቢ ተነስታ ወጣች።

ፀሐይ ከግድቡ ኋላ ስትጠልቅ ልጆቹን የጫነው ድርቆሽ የተነጠፈበት ተጎታች በትራክተር እየተጎተተ ደረሰ። ኦዚትና ኮሪን ኬኩን ይዘው በረንዳ ላይ ቆሙ። ልጆቹ ገና ሳይወርዱ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ራስ የሌለው ትልቅ ነጭ ነገር እየተወዛወዘና እያቃሰተ ወደ እነሱ መጣ፤ ኋላው አንድ ወፍራም ውሻ ይከተለዋል። ተጎታቹ በጩኸት ተናጋ። አንዲት ትንሽ ልጅ ድርቆሹ ውስጥ ገብታ ተቀበረች።

«ምን ያስጮኻችኋል?» አለች ዜኖቢ ፍራሿንና አንሶላዋን ከራሷ ላይ ገለጥ አድርጋ። «እኔ ነኝ! የመኝታ ልብሴን ነው የያዝኩት!»

ጩኸቱ ሳቅ ሆነ፤ ልጆቹም አጨበጨቡላት። ዜኖቢ እያለከለከች የበረንዳውን ደረጃ ወጣችና ከልጆቹ ተራ ፊት ተገትራ እጇን ዘረጋች።

«ተሰለፊ» አለቻት ኦዚት።

«የቤት ሰው አይሰለፍም» አለች ዜኖቢ፤ ከሳህኑም ትልቁን አነሳች።