የወንድሜ ብርጭቆ

ለንደን አርችዌይ ስኖር ከኔ በታች ያለው ክፍል የአንድ የቤኒን ሽማግሌ ነበር። ቩዱ የሚሉት የመንፈስ እምነት አባት ናቸው፤ ያገራቸው ሰው ከያለበት እየመጣ ደጃቸው ላይ ይሰለፋል። እኔማ ገና ሳያቸው «ባለዛር ናቸው» አልኩና፣ አክስቴ ለባለውቃቢዋ እንደምታደርገው ሽቶ ገዝቼ ወረድኩ። አሽትተው ሳቁብኝ።

«የኔዎቹ የሚፈልጉት ውሃ ነው» አሉ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ተከታያቸው ለሞተበት ሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ።

የወረድኩት ለወሬ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜን የደርግ ሰዎች ከምሳ ላይ አንስተው ከወሰዱት ወዲህ ይሙት ይኑር አይታወቅም። ሲወስዱት ውሃ ለመነኝ። ቀድቼ ሳቀብለው አንዱ ጣሳውን በሰደፍ መታው፤ ውሃው ተደፋ። ይህን ለንደን ውስጥ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች «ኧረ ተዝካሩን አውጪለት» ሲሉኝ እንጣላ ነበር። በቁሙ ልቅበረው እንዴ?

«ወንድሜ አለ?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

ተነስተው አንድ ባዶ ብርጭቆ ሞሉና ከሌሎቹ ጎን አስቀመጡ።

«ካንቺ ጋር ደረጃውን የወረደው ልጅ ጠምቶታል» አሉ።

ደሜ ፈላ። «ምላስዎን ይቁረጠው!» አልኩ ባማርኛ፤ በሩን ወርውሬባቸው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ደረጃውን በወጣሁ ቁጥር ከኋላዬ ኮቴ እሰማለሁ። ስቆም ይቆማል። በስመ አብ ብዬ እሮጣለሁ፤ ዞሬ ግን አይቼ አላውቅም።

ብርዱ ሳይወጣ ሽማግሌው ሞቱ። ቦታቸውን የወረሰችው ሂትሮው አየር ማረፊያ በጽዳት የምትሠራው ልጃቸው ናት። እነሱ ዘንድ የቩዱ አባት ሲሞት፣ ተተኪ ቢኖርም፣ የሱ ጠረጴዛ ይፈታል፤ ሁሉም የየራሱን ሙት ብርጭቆ ይዞ ይሄዳል። አንዱ ብርጭቆ ብቻ ባለቤት አጣ። አባቷ የማን እንደሆነ ነግረዋት ነበርና ይዛው መጥታ ክፍሌን አንኳኳች።

«የኔ አይደለም» አልኳት። «ወንድሜ በሕይወት አለ።»

«እሺ፣ እንግዲያው ልድፋው» ብላ ጥግ ወዳለው ማጠቢያ ሄደች።

«አትድፊው!»

ጩኸቴ ራሴን አስደነገጠኝ። ባማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ አላውቅም። ብርጭቆውን ከእጇ ነጥቄ አልጋዬ አጠገብ አስቀመጥኩና «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። ልጅቷ አብራኝ መሬት ተቀመጠች።

በማግስቱ ሴቶቹን የተዝካሩን ቀን ቁረጡልኝ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ኮቴው ቀረ። ናፈቀኝ።